የዝምታ ዋስ

አዲስ ጥርስ የተሠራለት ሰው ጥርሱን የሚሞክረው በማኘክ አይደለም። ይርጋ መስታወቱን ለደንበኛው ያስይዝና ወንበሩን ቀና አድርጎ «እስቲ ይበሉት» ይላል። ደንበኛው ምን ልበል ብሎ አይጠይቅም።

«አንድዬ ያውቃል።»

ምላሱ የላይኛውን ጥርስ በወጉ ካልነካ፣ ወይም በክፍተቱ በኩል ንፋስ ካፈተለከ፣ ይርጋ ጥርሱን አውጥቶ ይሞርዳል፤ መልሶ ይገጥማል፤ «እንደገና» ይላል። ማኘክ ያቃተው ሰው ሾርባ ጠጥቶ ያድራል። መሪ ቃሉን አጥርቶ ማለት ያቃተው ግን ውጭ ነው የሚያድረው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይቀልድበትም።

ቃሉ የአገር መሪ ቃል የሆነው ይርጋ ተማሪ ሳለ ነበር። ከዚያ በፊት በገንዘቡና በሰንደቅ ዓላማው ላይ ፈጣሪ በማን ቋንቋ፣ በማን ስም ይጻፍ የሚል ክርክር አገሩን ሲያምስ ከረመ። በመጨረሻ የሁሉም አፍ የሚያውቀው አንድ ቃል ተገኘ ተባለ። የየትኛውም ቤተ እምነት አልነበረም፤ ባልቴት ሲጨንቃት፣ ሹፌር ቁልቁለት ሲወርድ፣ የታመመ ሰው ወደ ግድግዳ ሲዞር የሚለው ነበር። ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን እንደ ድሮው ይናገራል፤ ማንም አልነካውም። መሪ ቃሉ ሃይማኖት እንዳልሆነ በመመሪያ ተገለጸ። መጀመሪያ በገንዘብ ላይ ተጻፈ። ቀጥሎ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጻፈ። ከዚያ በሮቹ መስማት ጀመሩ።

ሰው ለመደው። የዳቦ ቤት በር፣ የታክሲ በር፣ የጤና ጣቢያ በር፣ የጋራ መኖሪያው የግቢ በር፣ ሁሉም አንድ ቃል ይበቃቸዋል። ልጆች «በር በር» ይጫወታሉ፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ በር ይሆናል፣ ሌላው ይለዋል፣ ያልፋል።

የይርጋ እናት የተቀበሩ ቀን የሬሳ መኪናው መካነ መቃብሩ ደጅ ላይ ገና ከመቆሙ ከለቀስተኞቹ አንዷ ደረቷን ይዛ «አይ! አንድዬ ያውቃል!» አለች። የመኪናው የኋላ በር ተከፈተ። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። ይርጋም ሳቀ፤ በእናቱ ሬሳ ፊት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻውን ሆኖ ያንን ስም ለጸሎት ሊጠራ በሞከረ ቁጥር ከኋላው የሆነ በር ቀጭ የሚል ይመስለዋልና ተወው።

ጋሽ ይመር ግን ቃሉን አይሉም ነበር።

ከይርጋ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በጉልምስናቸው ከደሴ አዲስ አበባ የሚመላለስ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ያኔ የሹፌር መስታወት በጥቅስና በሥዕል የሚሸፈንበት ጊዜ ነው፤ የእሳቸው ግን ባዶ ነበር አሉ። ተሳፋሪ «ምነው ጋሼ፣ ያለ ጠባቂ ነው እንዴ ጣርማ በርን የምንወጣው?» ሲላቸው፣ «እሱ የት እንዳለሁ ያውቃል። እዚህ ብለጥፈው ገደሉ ነው የሚከለልብኝ» ይሉ ነበር። አባታቸው እስላም፣ እናታቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ ይህ በወሎ ወሬ አይደለም። እሳቸው ሲጸልዩ ወደየት እንደሚዞሩ ጎረቤት አያውቅም። በራቸውን ዘግተው ነው።

«ለበር አልናገርም» አሉ፣ በሮቹ መስማት የጀመሩ ሰሞን። «ለፈጣሪዬ የምለውን ለዳቦ ቤት በር አልልም። አልከፍትም ካለ መብቱ ነው፤ እኔም ቤቴ አለሁ።»

ለሚመለከተው ክፍል አቤት አሉ። ዝም ማለት ይፈቀድልኝ ነው ያሉት። መልስ አልመጣም። አንድ የሐምሌ ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሄደው ቆሙ። ዝናብ ይጥላል። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ጮኸ።

«አባባ፣ ወይ ይበሉት ወይ ዞር ይበሉልን!»

«ጸሎት ቤት መሰለዎት እንዴ? ልጆቻችን ትምህርት ቤት ረፈደባቸው እኮ!»

ይርጋ ልክ ከኋላቸው ነበር። ከባርኔጣቸው የሚወርደው ውሃ በኮታቸው አንገት ሲገባ ያያል። እሳቸው አይነቃነቁም። ይርጋ አፈረላቸው፤ በሽማግሌ ቦታ ሆኖ ማፈር ደግሞ ለራስ ከማፈር ይከፋል። መናገር ለማይችል ሰው፣ ለሕፃን፣ ለዲዳ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ዋስ ሆኖ ቢልለት በሩ ይቀበላል። ይርጋ አንገቱን ደፍቶ፣ ከንፈሩን ሳይከፍት ማለት ይቻላል፣ በሹክሹክታ ቃሉን አለላቸው።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ይመር ዞሩ። ፊታቸው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ዝናብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

«አየህ የኔ ልጅ? መለሱልኝ! አገር አለን ማለት እኮ ነው!»

ያንን ፊት እያየ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ካለ ይርጋ አያውቀውም። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ነገ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ዓመታት። የጋሽ ይመር ጉልበት ደከመና ይርጋ ክርናቸውን ይዞ ይወጣ ጀመር። ገበያም፣ ጤና ጣቢያም፣ ለቅሶም አብረው ናቸው። በየበሩ እሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። አንዴ ብቻቸውን ወጥተው የመድኃኒት ቤቱ በር አልከፍት ሲላቸው «ዛሬ በሩ ታሟል» ብለው እየሳቁ ተመለሱ። ወሬያቸው ሰፈሩን አልፎ ሄደ፤ ዝም ብለው የሚገቡት ሽማግሌ ተባሉ። የሚሰማቸው ሲያገኙ «መንግሥት ክፉ አይደለም፤ በወጉ ስትጠይቀው ይሰማል። ትንሽ መታገስ ነው» ይላሉ። ይርጋ ያኔ አጠገባቸው ቆሞ ጫማውን ያያል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሉባባ ደረጃው ላይ አስቆመችው። ምድር ቤት የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሐያት የምትባል ትንሽ ልጅ ታሳድጋለች።

«ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትስቅብኝ ግን።»

«አልስቅም።»

«ሐያት ትናንት የስኳሩ ጣሳ አልከፈት አላት። ምን አለችው መሰለህ? አንድዬ ያውቃል። ለጣሳ!» ሉባባ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «እናቴ እኔን ስታምጥ የጠራችው ስም እኮ ነው። ልጄ የክዳን መክፈቻ አደረገችው። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ጋሽ ይመር ልሆን ነው። አንተ ሁልጊዜ አብረሃቸው ነህ። እውነት ይከፈታል?»

ይርጋ መልስ ሊሰጥ ሲል ከደረጃው ራስ ሳል ሰማ። ጋሽ ይመር በራቸውን ገርበብ አድርገው ቆመዋል። ሰምተዋል፤ ፈገግ ብለዋል።

«ንገራት እንጂ» አሉ።

ይርጋ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ።

«ይከፈታል» አለ።

«ወዲያው?»

«ትንሽ... መታገስ ነው።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር። «ዋናው አለመፍራት ነው።»

ብቻዋን ሲያገኛት ሊነግራት አስቦ ነበር። ሰሞኑን ግን ሉባባ በደስታ ነው የምትመላለሰው። የምትሄደው ሰው በሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ከፊቷ ያለው ሰው በሩን ያስከፍታል፤ እሷም ተከትላ ትገባለች፤ ለእሷም የተከፈተ ይመስላታል። ይርጋ ይህን ሲያይ «ደግ፣ እየገባች ነው» አለ። እንዲህ ብሎ ተኛ።

ሐያትን ትኩሳት የያዛት ጎህ ሲቀድ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ሰው የለም። ሉባባ ልጇን አቅፋ በሩ ፊት ቆመች። ዝም አለች። ትንሽ መታገስ ነው አለች። የልጅቱ ዓይን ሲገለበጥ፣ ሰውነቷ ሲንዘፈዘፍ፣ ያን ጊዜ ቃሉን ብላዋለች፤ ደጋግማ ብላዋለች። ግን እያለቀሰች፣ እየጮኸች ነበር፤ በር ደግሞ የሚለየው የረጋ ድምፅ ነው። ውስጥ የምትጠርግ ሴት ለሌላ ጉዳይ እስክትወጣ ድረስ አልተከፈተም።

ሐያት ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ ዕቃ አይጨብጥም።

ወር ሳይሞላ ሉባባ በሮችን የሚመለከት ጉባኤ ፊት ተጠራች። ልጇን በቸልተኝነት ለጉዳት ዳርጋ እንደሆነ ይጣራል፤ ዳርጋ ከተገኘች ሐያት ከእናቷ ተወስዳ ለሞግዚት ትሰጣለች። ጋሽ ይመር ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን አነሡ።

«ጋሽ ይመር፣ ዛሬ ባንሄድስ?» አለ ይርጋ፣ ጠዋት ደረጃው ላይ።

«ምን ማለትህ ነው? ልጅቱ በእኔ ቃል አይደል የቆመችው? ዝምታ ወንጀል አለመሆኑን ሄጄ ካልመሰከርኩ ምን ሰው ነኝ?»

«አይ... የምነግርዎ ነገር...»

«በመንገድ ትነግረኛለህ። ያዘኝ።»

በመንገድ አልነገራቸውም።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አስካል ድምፃቸው ለስላሳ፣ ቁጡነት የሌለባቸው ሴት ናቸው። ሐያት እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ የእናቷን የነጠላ ጥለት ትቆጥራለች።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ ወይዘሮ አስካል፣ ይርጋ ሲሠራ አይቶት የማያውቀውን ደንብ ከወረቀት እያነበቡ። «መሪ ቃሉ ግዴታ አይደለም። ዝም ያለ ሰው ደፉ ላይ ጥቂት ከታገሠ በሩ ይከፍትለታል። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በሩ ደንቡን አልጠበቀም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ወይ ደግሞ እናት ደፉ ላይ አልነበረችም፤ ልጇን አስቀምጣ የሆነ ቦታ ሄዳ ነበር።»

«የት እሄዳለሁ?» አለች ሉባባ። «ልጄን ይዤ፣ የት?»

«አይዞሽ እህቴ። እየተጣራ ነው።»

ጋሽ ይመር ከዘራቸውን አነሡ። «እኔ ምስክር ነኝ! ስንት ዘመኔ፣ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። ይከፈትልኛል። ይቺ ልጅ ያደረገችው እኔ የማደርገውን ነው።»

የወይዘሮ አስካል ፊት በራ። «ዝም ብለው የሚገቡት አባት እርስዎ ነዎት? እንደ እርስዎ ያለ ምስክር ከየት ይገኛል! ቃሉን ስለማይሉ ንግግርዎ ባይቀረጽም በሩ ይመሰክራል፤ እስቲ ያንን የጎን በር ያሳዩን።»

ይርጋ ያኔ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየው። በሩ ለሽማግሌው ከተከፈተ በሮች ለዝምተኛ ይከፍታሉ ማለት ነው፤ ጥፋቱ የሉባባ ይሆናል፤ ሐያት ትሄዳለች። ካልተከፈተ ሉባባ ትድናለች፤ ጋሽ ይመር ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የስንት ዓመት ክብራቸው ምን እንደነበረ ያያሉ። ሽማግሌው ሊያድኗት ነው የተነሡት። በደስታ ነው የሚራመዱት።

ዝም እላለሁ አለ ይርጋ በልቡ። ዛሬ ዝም እላለሁ።

ክርናቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ጋሽ ይመር ደፉ ላይ ቆሙ፣ ትከሻቸውን ቀጥ አደረጉ፣ ጠበቁ።

በሩ ተከፈተ።

ይርጋ ለአፍታ በደስታ ደነገጠ። እውነት ነበር እንዴ? ደንቡ እውነት ነበር፣ በሩ ራሱ ከፈተ፣ እኔ ስንት ዓመት በከንቱ... ቀጥሎ ምላሱ ተሰማው። ከላይኛው ጥርሱ ሥር ገና አልተመለሰም ነበር። አንገቱም ተደፍቷል። ሽማግሌው ደፉ ላይ ሲቆሙ አፉ እሱን ሳያማክር የለመደውን አድርጓል። የሰው ጥርስ እየሞረደ ስንቱን አፍ ያስተካከለ ሰው የራሱን አልሰማውም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ይኸው» አሉ ወይዘሮ አስካል፣ በረጅሙ ተንፍሰው። «በሮቻችን ይከፍታሉ።»

ጋሽ ይመር ፈክተው ዞሩ። «አየሽ ልጄ? አየሽ? ያኛው በር ታሞ ነው እንጂ...» ንግግራቸውን አልጨረሱም። ሉባባ በሩን አልነበረም የምታየው። የምታየው የይርጋን አፍ ነው። ቅርብ ነበረች፤ ሰምታለች። ጣቷን አልቀሰረችም፣ አልጮኸችም። ልጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበችና ማየቷን ቀጠለች።

«እኔ ነኝ» አለ ይርጋ።

ማንም አልሰማም። ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ ያልኩት። አሁንም፣ ድሮም። በሩ ከፍቶላቸው አያውቅም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ወይዘሮ አስካል እጃቸውን አነሡ። «ወንድሜ፣ ይህ ምስክርነት ከሆነ መቅረጫው እንዲቀበልዎ መሪ ቃሉን ያስቀድሙ። ካልሆነ እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው።»

ጠረጴዛው ላይ ያለችው የመቅረጫው ትንሽ መብራት ጠፍታ ትጠብቃለች።

ይርጋ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ከምንም ቃል በላይ ያለው ቃል ነው። በእንቅልፍ ልቡ የሚለው፣ አሁን እንኳ ሳይፈልግ ያመለጠው። ጋሽ ይመርን አየ። ፊታቸው መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ክርናቸው ከእጁ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። ግድግዳውን ያዙ። ይርጋ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ምላሱ ቦታውን አጣ።

«የማይናገሩ ከሆነ እንቀጥላለን» አሉ ወይዘሮ አስካል፤ በክፋት አልነበረም። «ወይዘሮ ሉባባ፣ እንግዲህ...»

«ቆይ» አሉ ጋሽ ይመር።

ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ወንበሮቹን እየያዙ ብቻቸውን ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። የሚደግፋቸው አልፈለጉም።

«መናገር ላቃተው ሰው ዋስ ይቻላል፣ አይደል?»

«ይቻላል አባቴ። ግን እርስዎ...»

መቅረጫውን አላዩትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንድዬ ያውቃል» አሉ።

ይርጋ ያንን ቃል ከስንት አፍ ሰምቶታል። እንዲህ ሲባል ግን ሰምቶ አያውቅም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ላለ፣ ለሚያውቁት ሰው የሚነገር ነበር፤ የእናቱ ድምፅ እንዲያ ነበር። ማየት የማይገባውን ያየ ሰው እንደሚያደርገው ፊቱን አዞረ። መብራቷ ጥቂት አመነታችና በራች።

«ንገራቸው» አሉ ጋሽ ይመር፣ ሳያዩት።

ነገራቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ፣ ደረጃው ላይ ለሉባባ ስለ ሰጠው መልስ። ሲጨርስ ወይዘሮ አስካል ወረቀታቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ፤ የጤና ጣቢያው በር እስኪመረመር ሐያት ከእናቷ ጋር እንድትቆይ ተባለ። የዚያ ቀን ውሳኔ ይኸው ነበር። ሉባባ ልጇን አዝላ በይርጋ አጠገብ አለፈች። ሰላምታ አልሰጠችውም፤ እሱም አልጠበቀም። ሐያት ብቻ ከእናቷ ጀርባ ሆና በግራ እጇ ቻው አለችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሽ ይመር ከፊት፣ ይርጋ ራቅ ብሎ ከኋላ ሄዱ። ሽማግሌው በየምሰሶው እያረፉ ነው የሚሄዱት። ሲያርፉ እሱም ይቆማል። ከጦሳ ተራራ ጉሙ እየወረደ ነበር። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው።

«ጋሽ ይመር...»

«ዝም በል።»

ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ «ብርድ ነው። አንተ በልና ግባ» አሉ።

«እርስዎስ?»

«እኔ በር ሲከፈትልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «አሁን ልጠብቅ።»

ይርጋ ወደ በሩ ቀረበ። የሚገባው ለራሱ ነው፤ ለራሱ ማለት ደግሞ ማንንም አይጎዳም። አፉን ከፈተ፤ የሽማግሌው ድምፅ ገና ጆሮው ውስጥ ነበር። አፉን ዘጋ። ተመልሶ ከጋሽ ይመር ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ሁለቱ እንዲህ ቆመው ሳለ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ጎረቤት ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። አያቸው፣ በሩን አየ።

«ምነው ብርድ ላይ? በሩ ታሟል እንዴ?»

ይርጋ ጫማውን አየ።

«በሩስ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ይመር።